ስቫልባርድን በትንሽ መርከብ፦ ታሪኩ፣ አራዊቱ፣ በረዶው

ምህረት (ትሮምሶ)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ከስቫልባርድ ከተመለስኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ፣ ለሁሉም እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ቀኑንና ዓመቱን የምጽፈው በፈረንጅ ነው።

ስቫልባርድ ከኖርዌይ ዋና ምድር በስተሰሜን ያሉ ደሴቶች ናቸው። ከኖርዌይ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚሄድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። ትልቁ ደሴት ስፒትስበርገን ይባላል። ከመሬቱ 60 በመቶ የሚሆነው በበረዶ ግግር ተሸፍኗል። ዋናዋ ከተማ ሎንግየርብየን 2,500 ያህል ነዋሪ አላት። ከከተማ ወደ ከተማ የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። ስለዚህ በበጋ አገሩን ማየት የፈለገ በመርከብ ነው የሚዞረው።

ዋናውን ነገር ከመጀመሪያው ልናገር። አብዛኛው ሰው ወደዚያ የሚሄደው ነጭ ድብ ለማየት ነው። ድብ ካልታየ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። እኔ የምመክራችሁ ባህር ዳርቻው ላይ ወርዳችሁ፣ መሬቱን ረግጣችሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሰው ምን እንዳደረገ አውቃችሁ እንድትቆሙ ነው። ለዚህ ደግሞ ትንሽ መርከብ ያስፈልጋል። ትልቁ ያሳያችኋል፣ ትንሹ ያወርዳችኋል።

ስሜረንበርግን ልንገራችሁ። በሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ አምስተርዳም በምትባል ደሴት ላይ ያለ ጠፍጣፋ አሸዋማ ዳርቻ ነው። ሆላንዳዊው ዊለም ባረንትስ እነዚህን ደሴቶች ያየው እ.ኤ.አ. በ1596 ነው። ብዙም ሳይቆይ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ጎረፉ። ሆላንዶች ስሜረንበርግ ላይ ምድጃ ሠሩ። የዓሣ ነባሪውን ስብ በትልልቅ የመዳብ ጋን እያቀለጡ ዘይቱን በበርሜል ወደ አውሮፓ ይልኩ ነበር። ለመብራት፣ ለሳሙና። በ1660 አካባቢ ቦታው ባዶ ቀረ፣ ምክንያቱም በዳርቻው የሚታደን አልቋል።

ዛሬ እዚያ ስትወርዱ መጀመሪያ ምንም ያለ አይመስልም። ከዚያ አስጎብኚው አቆመንና መሬቱን አሳየን። ክብ ቅርጽ ያለው ጥቁር ነገር አለ። ከጋኑ የፈሰሰው ስብ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ተጋግሮ ድንጋይ ሆኗል። የምድጃው ጠርዝ ነው። ወደ 400 ዓመት ሊሆነው ነው፣ ግን ጋኑ የት እንደተጣደ፣ ሰውየው በየት በኩል ቆሞ እንዳማሰለ መገመት ትችላላችሁ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጠርዙ ላይ ጣት የማታህል ሐምራዊ አበባ በቅላለች። መንካት ክልክል ነው። ከ1946 በፊት የነበረ ማንኛውም የሰው ሥራ፣ ሚስማር ይሁን እንጨት፣ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው።

የሞቱትም እዚያው አካባቢ ተቀብረዋል። በ1980 የሆላንድ አርኪዮሎጂስቶች የ185 ሰዎችን መቃብር መርምረው ነበር። አንዳንዶቹ አጽሞች የሱፍ ቆባቸውን እንዳደረጉ ተገኙ። አንዱ ቆብ ከሌላው አይመሳሰልም። ሰዎቹ ከብርዱ የተነሳ ከዓይናቸው በቀር ተሸፋፍነው ስለሚሠሩ፣ የሚተዋወቁት በቆባቸው ቀለምና መስመር ነበር። ቆቦቹ አሁን አምስተርዳም ያለው ራይክስሙዚየም ውስጥ ናቸው። ሆላንድ ያላችሁ ሄዳችሁ እዩዋቸው። የእነዚያን ሰዎች ስም አብዛኛውን አናውቅም፤ ማን ማን እንደነበር ጓደኞቻቸው ግን በዚያ ቆብ ለይተው ያውቁ ነበር። እኔ እዚያ ዳርቻ ላይ ቆሜ ማሰብ የቻልኩት ስለእነሱ ብቻ ነው።

ድብም አይተናል። ከሩቅ፣ በመነጽር። ስለ እሱ በኋላ እጽፋለሁ። ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ።


ዮናስ (ኦስሎ)

ምህረቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሳነበው ብርዱ ተሰማኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናቴ ከአዲስ አበባ በሐምሌ ትመጣለች። ልወስዳት አስቤያለሁ። ሰዎች «ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም» ይላሉ። እውነት ነው? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘችው።


ምህረት (ትሮምሶ)

ዮኒ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት በጥንቃቄ አንብበው።

ስቫልባርድ ራሱ ቪዛ አይጠይቅም። በ1920 የተፈረመ ውል አለ። ደሴቶቹ የኖርዌይ እንዲሆኑ፣ የፈራሚ አገሮች ዜጎችም በእኩል መብት እንዲሠሩባቸው ያደርጋል። ኖርዌይ ደግሞ እዚያ ለመግባት ከማንም ቪዛ አትጠይቅም።

ግን እናትህ የምትሄደው በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ነው። ስቫልባርድ ከሼንገን ክልል (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ነው። ወደዚያ ስትበር ከሼንገን እንደወጣች ይቆጠራል፣ ስትመለስ እንደገና መግባት አለባት። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ካላት መመለሻ ታጣለች። ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መሆን አለበት። ማመልከቻው ላይ ከአሁኑ ግለጹት። አንተም የመኖሪያ ካርድህንና ፓስፖርትህን እንዳትረሳ። በረራው ከኖርዌይ ወደ ኖርዌይ ቢመስልም ኬላው ላይ ይጠይቁሃል።


ጋሽ በላይ (ሜሪላንድ)

የተከበራችሁ ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ልጆቼ በትልቅ መርከብ ወደ ሰሜን ሊወስዱኝ ይፈልጋሉ። ሦስት ሺህ ሰው የሚጭን ነው አሉኝ። ምህረት ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ትንሽ ይሁን ትያለሽ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። ከትንሽ መርከብ ወደ ጎማ ጀልባ መውረድ እችላለሁ ወይ?


ምህረት (ትሮምሶ)

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እርስዎን የሚመለከት አንድ ትልቅ ለውጥ አለ። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በስቫልባርድ ጥብቅ ክልሎች ውስጥ ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ መግባት አይችልም። ጥብቅ ክልሉ ደግሞ አብዛኛውን የደሴቶቹን ክፍል ይይዛል። ሦስት ሺህ ሰው የጫነ መርከብ ሎንግየርብየን አካባቢ ያለውን ፊዮርድ (በተራሮች መካከል የገባ የባህር ክንድ) ያሳይዎታል፣ እሱም ውብ ነው፣ ግን ስሜረንበርግ ላይ አይወርዱም። በእነዚያ ክልሎች ውስጥ በትንሽ መርከብም ቢሆን የሚወረደው በተፈቀዱ ቦታዎች ብቻ ነው።

ስለ ጉልበትዎ፦ እኛ መርከብ ላይ በከዘራ የሚሄዱ እናት ነበሩ። ከመርከቡ ጎን ደረጃ ይወርዳል። ከታች አንድ መርከበኛ ጀልባዋ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እጅ ለእጅ አይያያዙም፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ከመዳፍ በላይ ነው የሚጨብጠው። እንዲህ ከተያዘ አይንሸራተትም። ዳርቻው ሲደርሱ ግን እግርዎን አሻግረው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይወርዳሉ፣ ከዚያ በጠጠር ላይ መሄድ አለ። ደረጃ ወጥተው ወርደው የሚኖሩ ከሆነ ይችላሉ ብዬ አስባለሁ። ለማንኛውም ሐኪምዎን ያማክሩ። እዚያ ሩቅ ቦታ ላይ ሆስፒታል የለም፣ ሄሊኮፕተር የሚጠራው አየሩ ሲፈቅድ ነው።

ሳይወርዱ ጀልባዋ ላይ ተቀምጠው የሚዞሩባቸው ጉብኝቶችም አሉ። የበረዶ ግግሩን ፊት የሚያዩት እንዲያ ነው።


የባህር ልጅ

ሰላም፣ ባቦጋያ የተማርኩ የመርከብ መሐንዲስ ነኝ። አሁን የምሠራው በጭነት መርከብ ላይ ነው፣ ግን ወደ ሰሜኑ ውሃ ደርሻለሁ። ጋሽ በላይ የሚረዳዎት ከሆነ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ሰዎች «78 ዲግሪ ሰሜን ላይ መርከብ እንዴት ይሄዳል፣ ባህሩ አይቀዘቅዝም ወይ?» ይሉኛል። ምክንያቱ ከአትላንቲክ የሚመጣው ሞቃት ጅረት ነው። በስፒትስበርገን ምዕራብ ዳርቻ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያ በኩል ውሃው ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው። በምሥራቁ በኩል ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ ጅረት በረዶ ይዞ ይመጣል። የጥንት አዳኞች በሸራ ብቻ እስከ 80 ዲግሪ የደረሱት በዚህ ሞቃት ጅረት ምክንያት ነው። ዛሬም በሰኔ የሚሄዱ መርከቦች በምዕራቡ በኩል የሚቆዩት፣ ደሴቱን ሙሉ የሚዞሩት ደግሞ ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የሚበዙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራም ተቀየረ ብላችሁ አትቆጡ። የባህር ካርታው በሁሉም ቦታ የተሟላ አይደለም። የበረዶ ግግር ወደ ኋላ ሲሸሽ ከሥሩ ማንም ጥልቀቱን ያልለካው ውሃ ይገለጣል። ካፒቴኑ «አንገባም» ካለ አንገባም ነው። ጭጋግም አለ። ጭጋግ ካለ ዳርቻ አይወረድም፣ ድቡ የት እንዳለ አይታይማ።


ታሪኩ (ስቶክሆልም)

የባህር ልጅ፣ ግሩም ማብራሪያ ነው።

ምህረት፣ ከስሜረንበርግ ማዶ ዳንስኮያ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ቪርጎሃምና ላይ አለፋችሁ? እኛ ስዊድን ያለን ሰዎች ታሪኩን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እንሰማለን። ሐምሌ 11 ቀን 1897 ሰሎሞን አንድሬና ሁለት ባልደረቦቹ፣ ስትሪንድበሪና ፍሬንከል፣ ሃይድሮጂን በሞላ ባሉን ወደ ሰሜን ዋልታ ለመብረር ከዚያ ተነሱ። ከሦስት ቀን በኋላ በረዶ ላይ ወደቁ። ወር ከወር በእግር ተጉዘው ክቪቶያ የምትባል ገለልተኛ ደሴት ደረሱ። እዚያው ሞቱ።

ለ33 ዓመት የት እንደገቡ የሚያውቅ አልነበረም። በ1930 አንድ የኖርዌይ መርከብ ክቪቶያ ላይ ሲቆም አስከሬናቸው፣ ማስታወሻቸውና ካሜራቸው ተገኘ። ፊልሙ ታጥቦ ብዙ ፎቶ ወጣለት። የወደቀው ባሉን፣ ከጎኑ የቆሙት ሰዎች፣ የገደሉት ድብ፣ ሁሉም በፎቶ አለ። ዕቃቸውን ግሬና የምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ሙዚየም ውስጥ አይቼዋለሁ። ልብሳቸው ያሳዝናል። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚሆን አልነበረም።


ምህረት (ትሮምሶ)

ታሪኩ፣ ቪርጎሃምና ላይ ለመውረድ ከስቫልባርድ ገዥ ጽሕፈት ቤት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛ መርከብ አልነበረውም። ከመርከቡ ላይ ሆነን አየነው። የተበታተነ እንጨትና የብረት ቁርጥራጭ ይታያል። ሃይድሮጂኑን የሚያመርቱበት ቦታ ቅሪት ነው።

በሰማይ የሄዱትን ካነሳህ፣ ኒ-ኦለሱን ላይ ወርደናል። የድሮ የከሰል መንደር ነበረች። በ1962 በማዕድኑ ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ 21 ሰዎች ሞቱ፣ ነገሩ በኖርዌይ ፓርላማ ተነስቶ በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት እስከመውደቅ ደረሰ። ማዕድኑም ተዘጋ። አሁን የብዙ አገር ሳይንቲስቶች የሚሠሩባት የምርምር መንደር ናት። ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስላለ በ20 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ስልክ አውሮፕላን ሁነታ ላይ መደረግ አለበት። ዋይፋይም ብሉቱዝም የለም።

ከመንደሩ ዳር ከፍ ያለ የብረት ምሰሶ ቆሟል። የአየር መርከብ፣ ማለትም በጋዝ የሚንሳፈፍ ሞተር ያለው ትልቅ ባሉን፣ የሚታሰርበት ነበር። በግንቦት 1926 ኖርዌጂያዊው አሳሽ አሙንድሰን፣ አሜሪካዊው ኤልስወርዝና ጣሊያናዊው ኖቢሌ «ኖርጌ» የተባለውን የአየር መርከብ ከዚያ መንደር አስነስተው በዋልታው ላይ አልፈው አላስካ ወረዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኖቢሌ «ኢታሊያ» በተባለ ሌላ የአየር መርከብ ተመልሶ መጥቶ በረዶ ላይ ተከሰከሰ። አሙንድሰን ከኖቢሌ ጋር ተጣልተው ነበር። እንዲያም ሆኖ ሊፈልገው በአውሮፕላን ተነሳ። የተነሳው ከእኛ ከተማ ከትሮምሶ ነው። አልተመለሰም። ኖቢሌ ተረፈ። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ የአሙንድሰንን ሐውልት አልፈዋለሁ፣ ምሰሶውን ካየሁ ወዲህ ግን ቆም ብዬ ነው የማየው።


ሐያት (ለንደን)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ከባለቤቴ ጋር እያሰብንበት ነው። የሚያሳስበኝ የሶላት ሰዓት ነው። ፀሐይ ጭራሽ ካልጠለቀች መግሪብና ኢሻ እንዴት ይሆናል?


ምህረት (ትሮምሶ)

ሐያትዬ፣ ወዐለይኩም ሰላም። ሎንግየርብየን ላይ ከሚያዝያ 20 አካባቢ እስከ ነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ አትጠልቅም። ቀኑን በፈረንጅ ነው የምልሽ። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መርከቡ ጣሪያ ላይ የፀሐይ መነጽር አድርጌ ቆሜያለሁ።

የሃይማኖቱን ነገር እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ ጎረቤቴን ጠየቅኩልሽ፣ እዚህ ትሮምሶ የምትኖር ሶማሊያዊት ናት። እዚህ ያሉ ብዙ ሙስሊሞች በእነዚህ ወራት የመካን ሰዓት ይከተላሉ አለችኝ። ሌሎች ደግሞ ፀሐይ የምትጠልቅበትን የቅርብ ከተማ ሰዓት ይይዛሉ። መንገደኛ ስለሆናችሁም ማሳጠርና ማጣመር ይቻላል ብላለች። ለንደን ያለውን ኢማማችሁን ጠይቁና ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን አትማችሁ ያዙ፣ ባህር ላይ ኢንተርኔት አይታመንም። ቂብላው ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው።

ለኦርቶዶክሶችም ልጨምር። ፍልሰታ የሚውለው ጥሩ ጉዞ በሚደረግበት ወቅት ነው። ቲኬት ስትቆርጡ የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ አስመዝግቡ። መርከብ ላይ ከተሳፈራችሁ በኋላ ብትናገሩ ወጥ ቤቱ የያዘውን ነው የሚሰጣችሁ፣ ገበያ የለም።


ናትናኤል (ፍራንክፈርት)

ሁሉም ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሰው ይህን መናገር አለበት። ስቫልባርድ ከዓለም አማካይ በብዙ እጥፍ ፍጥነት እየሞቀ ያለ ቦታ ነው። በረዶው እየቀለጠ ነው። እኛ ደግሞ «ሳይጠፋ እንየው» ብለን በአውሮፕላንና በናፍጣ መርከብ እንጎርፋለን። እዚያ ያለው ድብ የሚያስፈልገው እኛ እንድንቀርለት ነው። ምህረት፣ ይህን አስበሽበታል?


ምህረት (ትሮምሶ)

አስቤበታለሁ ናቲ። ክብደት ያለው ጥያቄ ስለሆነ በአጭሩ ላልፈው አልፈልግም።

ፕሪንስ ካርልስ ፎርላንድ በምትባል ደሴት፣ ፑሌፒንተን ላይ ዋልረሶች (ረጅም የወጣ ጥርስ ያላቸው ግዙፍ የባህር እንስሳት) አየን። ገና ጀልባ ላይ ሆነን ሽታቸው ደረሰን። ዳርቻው ላይ ተደራርበው ተኝተዋል። አስጎብኚዋ በአንድ መስመር አሰለፈችንና በዝግታ፣ ድምፅ ሳናሰማ አስጠጋችን። ከዚያ አቆመችን። አንዱ ትልቅ ወንድ ሊገላበጥ ሲል ጎረቤቱን በጥርሱ ጎሸም አደረገው። የተጎሸመው አጉረመረመ፣ የሦስተኛውን ጀርባ መታ፣ ጉርምርምታው እስከ ዳር ድረስ ሄደ። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ተኛ። አንዱ ቀና ብሎ አየን። ዓይኑ ደም የለበሰ ነው፣ ጢሙ ወፍራም። ከዚያ እሱም ጋደም አለ።

እነዚህ እንስሳት ለጥርሳቸውና ለስባቸው ከ300 ዓመት በላይ ታድነው ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። በ1952 ማደን ተከለከለ። አሁን በሺዎች ይቆጠራሉ። ነጭ ድብም በ1973 ተከለከለ። ስሜረንበርግ ላይ የታረደው ትልቁ የዋልታ ዓሣ ነባሪ ግን እስከ ዛሬ አላገገመም፣ በዚያ ባህር የቀረው በጣም ጥቂት ነው። ከ200 ዓመት በላይ መኖር የሚችል እንስሳ ነው። አንድ ክልከላ በጊዜው ሲመጣና ሲዘገይ ልዩነቱ ምን እንደሆነ በሁለት ቀን ልዩነት በዓይኔ አየሁት።

ስለዚህ ቦታውን የሚጠብቀው ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ሕጉ ጠንካራ ሲሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። ከ2025 ጀምሮ ከድብ ቢያንስ 300 ሜትር መራቅ ግዴታ ነው፣ ከመጋቢት 1 እስከ ሰኔ 30 ደግሞ 500 ሜትር። አብረውን የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ተማርረው ነበር። እኔ ያየሁት ድብ በመነጽር ውስጥ የጥፍር ያህል ነበር፣ ወደ እኛ አንዴም ሳያይ በዳርቻው መንገዱን ቀጠለ። እንዲህ መሆን አለበት።

ሰው ጭራሽ አይሂድ የምትል ከሆነ ግን አልስማማም። የሄደ ሰው ይመሰክራል።


ናትናኤል (ፍራንክፈርት)

ስለ ሕጉ ያልሽው ልክ ነው። ስለ በረራው ግን መልስ አልሰጠሽኝም። የሚመሰክር ሰው በቂ አለ፣ አንቺም አንዷ ነሽ። እኔ አልሄድም፣ ያንቺን አነባለሁ።


የባህር ልጅ

ናትናኤል፣ ስለ ነዳጁ አንድ መረጃ ልስጥህ። ከ2022 ጀምሮ በስቫልባርድ ውሃ ላይ ከባድ የመርከብ ዘይት ይዞ መግባት ተከልክሏል። ያ ጥቁሩ፣ ወፍራሙ ማለት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ከፈሰሰ አይተንም፣ አይበተንም፣ ዓመታት ይቆያል። እኔ ማሽን ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ፣ ያ ዘይት ልብስ ላይ ሲነካ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወፍ ላባ ላይ ሲነካ ማሰብ ይከብዳል። በዚህ ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው።


ቤቲ (አዲስ አበባ)

ሰላም፣ እኔ እንኳን ቪዛና ገንዘቡን የምችል አይደለሁም፣ ግን የግብርና ተማሪ ስለሆንኩ ስቫልባርድን በሌላ በኩል አውቀዋለሁ። የዘር ግምጃ ቤቱን አየሽው? ከአብዛኛው የዓለም አገር የተሰበሰበ ዘር አለበት። አዲስ አበባ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋምም የመኖ ዘር እዚያ አስቀምጧል።


ምህረት (ትሮምሶ)

ቤቲዬ፣ በሩን ብቻ ነው ያየሁት። ወደ ውስጥ ጎብኚ አይገባም። ከሎንግየርብየን አውሮፕላን ማረፊያ በላይ፣ ከተራራው ጎን ስል ብሎ የወጣ ኮንክሪት ነው። ከላይ መስታወትና ብረት የተሠራበት የጥበብ ሥራ አለው፣ በቀን የፀሐዩን ብርሃን ይመልሳል። ከውስጥ መሿለኪያው ከ100 ሜትር በላይ ወደ ተራራው ይገባል። ዘሩ የሚቀመጠው በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነው። የተከፈተው በ2008 ነው።

አስጎብኚው የነገረን አንድ ነገር በጣም ነክቶኛል። ሳጥኑ ያስቀመጠው ተቋም ንብረት ሆኖ ይቀራል፣ ሌላ ማንም አይከፍተውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዘር ወጥቶ የሄደው በ2015 ነው። ሶሪያ፣ አሌፖ አካባቢ የነበረው የምርምር ማዕከል በጦርነቱ ምክንያት የራሱን ስብስብ መጠቀም ሲያቅተው፣ ከስቫልባርድ አስወጥቶ ሊባኖስና ሞሮኮ ላይ ዘራው። አባዝቶ መልሶ አስገባ። ገበሬ ዘሩን ጎረቤት ዘንድ አስቀምጦ በክፉ ቀን እንደሚጠይቀው ማለት ነው።


ቤቲ (አዲስ አበባ)

እንዴት ደስ ይላል! እኛም ጋ የሚኮራበት ታሪክ አለ። የአገራችን የዘር ማዕከል የተቋቋመው በ1976 ነው፣ በፈረንጅ። ዶክተር መላኩ ወረደ በድርቁ ዘመን የገበሬውን ዘር ከየክፍለ ሀገሩ አሰባስበው ያዳኑበት፣ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙበት ሥራ ነው። ስለ ስቫልባርድ ስናወራ እሳቸውም ይነሱልን።


ታሪኩ (ስቶክሆልም)

ቤቲ፣ ሽልማቱ የሚሰጠው እዚህ ስቶክሆልም ነው። እውነትሽን ነው፣ መነሳት አለባቸው።

ምህረት፣ አንድ ጥያቄ ይቅርብኝ ብል አልቻልኩም። «ስቫልባርድ ላይ ከሰው ድብ ይበዛል» የሚሉት እውነት ነው? በየቦታው አነበዋለሁ። ደግሞስ ለወፍ የትኛው ወር ይሻላል?


ምህረት (ትሮምሶ)

ድቡን በተመለከተ፣ አይደለም። በደሴቶቹ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት 300 ያህል ድቦች ናቸው። 3,000 ገደማ የሚባለው መላውን የባረንትስ ባህር፣ የሩሲያንም ወገን ጨምሮ ነው። ሆኖም ከከተማ ውጭ አስጎብኚ ያለ መከላከያ አይንቀሳቀስም። መጀመሪያ የሚያስፈራራ ርችት፣ በመጨረሻ ጠመንጃ።

ለወፍ ሐምሌ። ሂንሎፐን በሚባለው የባህር ወሽመጥ አልከፍየለት የሚባል ጥቁር ገደል አለ። 100 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይወጣል። 60,000 ያህል ጥንድ ጊሊሞት ይራባበታል። ጥቁርና ነጭ ወፍ ነው፣ ጎጆ አይሠራም፣ እንቁላሉን ድንጋዩ ላይ ነው የሚጥለው። ሞተሩን አጥፍተን ከሥሩ ስንቆም በጩኸታቸው ምክንያት እርስ በርስ መነጋገር አልቻልንም።

የሐምሌ መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ ሲዘሉ ታያላችሁ። ጫጩቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ ገና መብረር ሳይችል ከገደሉ ይዘላል። አባቱ ከታች ውሃው ላይ ሆኖ ይጠራዋል። አንዱን ከመነሻው ተከታተልኩት። ጠርዙ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ያንገራግራል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በኋላ ዘለለ። ትንንሽ ክንፎቹን እያርገበገበ ውሃው ላይ ጧ አለ። ሰምጦ ብቅ አለና መጮህ ጀመረ። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አባቱ ድምፁን ለይቶ እየቀዘፈ መጣ። ከዚያ ሁለቱ ወደ ክፍት ባህር መዋኘት ጀመሩ። ሁሉም ግን አይሳካለትም። ከታች ቀበሮ ይጠብቃል፣ ከላይ ትልልቅ የባህር ወፎች።


ጋሽ በላይ (ሜሪላንድ)

ልጄ ምህረት፣ ለልጆቼ አነበብኩላቸው። ትንሹ መርከብ ይሁን ብለናል። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል። በጥቂት ቀን የሚያልቅ ርካሽ መንገድ የለም ወይ? ለታናሽ ወንድሜም እንዲሆነው።


ምህረት (ትሮምሶ)

ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ለወንድምዎ፦ ሎንግየርብየን ላይ ማረፊያ ይዞ ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚመለስ መርከብ መሄድ ይቻላል። ወደ ፒራሚደን የሚሄደውን ይያዝ። ሶቪየቶች የከሰል ከተማ አድርገው የሠሯት ናት፣ በ1998 ተዘጋች። የሌኒን ሐውልት አሁንም ከተማዋን ቁልቁል ያያል፣ ከፊቱ ኑርደንሾልድ የተባለው ሰፊ የበረዶ ግግር። በአንድ ቀን ታሪክም፣ ግግርም፣ ወፍም ያገኛል። ሆቴል ሲገባ ጫማውን በር ላይ እንዲያወልቅ ይንገሩት። ከማዕድን ሠራተኞች ዘመን የቆየ የከተማዋ ልማድ ነው፣ ለእኛ አይከብደንም።


ዮናስ (ኦስሎ)

የቪዛውን ማመልከቻ ዛሬ ሞላነው፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ብለን ጠይቀናል። እናቴ «ነጠላዬን ልልበስ ወይስ ምን?» እያለች ነው። ምን ላልብሳት?


ምህረት (ትሮምሶ)

ነጠላዋን ትያዝ፣ መርከብ ውስጥ ይሞቃል። ከሥር ስስ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውሃና ንፋስ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ጥጥ አይሁን፣ ከረጠበ አይደርቅም። ጓንት ሁለት ጥንድ። የጎማ ቦት ብዙ መርከቦች ያበድራሉ፣ የእግሯን ቁጥር ቀድመህ ላክላቸው። በሐምሌ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ ነው፣ ጀልባ ላይ ግን ንፋሱ ይቆርጣል።


የባህር ልጅ

የባህር ሕመም ክኒን ደግሞ መርከቡ ከፊዮርዱ ሳይወጣ ትዋጥ። ማቅለሽለሽ ከጀመራት በኋላ አይረዳም። ካቢን ስትይዝ ከታችኛው ፎቅ፣ መሐል ላይ ያለውን ምረጥላት፣ መርከቡ እዚያ ጋ ነው ትንሽ የሚወዛወዘው።